የቤት ሰው ሲጸልይ እንዴት ይሣላል?

ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እናቱን ባርባራን በከሰል የሣላት በ63 ዓመቷ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1514 ነበር፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ባርባራ 18 ልጆች ወልዳ አብዛኞቹን ቀብራለች። ልጇ በወረቀቱ ላይ ምንም አልሸፈነላትም። ግንባሯ ተሸብሽቧል፤ ጉንጮቿ ገብተው የፊቷ አጥንት ወጥቷል፤ የአንገቷ ጅማት ተገትሯል፤ አንደኛው ዓይኗ ወደ ጎን ሸሽቶ የት እንደሚያይ አይታወቅም። ሁለት ወር ያህል ቆይታ አረፈች። ዱረር ያንኑ ወረቀት መልሶ አውጥቶ የሞተችበትን ዕለትና ሰዓት በቀለም ጻፈበት።

ስለ እናቱ የጻፈው ማስታወሻም እስከ ዛሬ አለ። ቤተ ክርስቲያን መመላለስ ልማዷ ነበር። ሲያጠፋ አጥብቃ ትገሥጸዋለች፤ ስለ ኃጢአቱ ትጨነቃለች፤ ከቤት ሲወጣም ሲገባም «በክርስቶስ ስም ሂድ» ትለዋለች። እንዲህ ያለች እናት የነበረችው ሠዓሊ፣ እናቱን ሲሥል መስቀል አላስያዛትም፣ መጽሐፍ አልዘረጋላትም፣ ዓይኗንም ወደ ሰማይ አላስቀናውም። ያረጀች ሴት ብቻ ናት። ግን ሥዕሉን ሳይ ልጇ ከቤት በወጣ ቁጥር ምን እንደምትል የሚሰማኝ ይመስለኛል። እንዴት አድርጎ ነው? ቤተሰቤን መሣል ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ እውነቱን ለመናገር ቅናትም አለበት።

የሚገርመው ሕዝብ ዱረርን የሚያውቀው በእናቱ ሥዕል አለመሆኑ ነው። የሚያውቀው በሁለቱ የሚጸልዩ እጆች ነው። በ1508 በሰማያዊ ወረቀት ላይ በቡርሽ የሠራቸው እነዚህ እጆች ያኔ ራሳቸውን የቻሉ ሥዕል አልነበሩም፤ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሐዋርያ እጅ እንዴት እንደሚቀመጥ የሞከረባቸው ንድፍ ናቸው። ዋናው ሥዕል በ1729 ተቃጥሎ ጠፋ፤ ንድፉ ቀረ። ዛሬ በፖስት ካርድ፣ በመቃብር ድንጋይ፣ በኩባያ ሳይቀር ታትሞ ይታያል። ዱረር ሥዕል እንዲማር ሲል በማዕድን ጉድጓድ ጉልበቱን የጨረሰ የወንድሙ እጅ ነው የሚል ልብ የሚነካ ታሪክም ይነገርለታል። ታሪኩ ፈጠራ ነው። ሰዎች ለምን እንደፈጠሩት ግን የገባኝ ይመስለኛል። እነዚያ እጆች ከሰውነት ተለይተው በባዶ ወረቀት ላይ የቆሙ ናቸው፤ የማንም አይደሉም። ሰው ደግሞ የማንም ያልሆነ ጸሎት አይመቸውምና ወንድም ፈለገላቸው፣ ድካም ሰጣቸው፣ ቤተሰብ ውስጥ አስገባቸው። በሌላ አነጋገር፣ ዱረር ለእናቱ ያደረገውን ተመልካቹ ለእጆቹ አደረገላቸው።

እኔም ከዚህ ተነሥቼ አንድ አቋም ይዣለሁ። ፍቅርን ለብቻው፣ እምነትንም ለብቻው ልሣል ያለ ሰው የሚያተርፈው ምልክት ብቻ ነው፤ የተቃቀፉ ሰዎች፣ የተገጠሙ መዳፎች፣ በመስኮት የሚገባ ጨረር። ሁለቱም የሚታዩት ሰው ሌላ ነገር እየሠራ ሳለ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የቤቴ ሰው ነው። «ልሣላችሁ ተቀመጡ» ያልኳቸው እንደሆነ አባቴ ትከሻውን ይነቀንቅና ለመታወቂያ ፎቶግራፍ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ይላል። እናቴ ፀጉሯን ታበጃለች። አያቴ ደግሞ ምን እንደምሠራ ሳትጠይቅ ዝም ብላ ታየኛለች፤ የሚያይ ሰው ሲያዩት መሣል እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። በዚህ መንገድ የሠራኋቸው ሥዕሎች መልካቸው ይመሳሰላል፣ አፍንጫው ቦታው ላይ ነው፣ ነገር ግን ሦስቱ ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ መኖራቸውን የሚናገር አንድም ነገር የለባቸውም። አሁን ተቀመጡ ማለት ትቻለሁ። ሥራ ላይ እስኪገኙ እጠብቃለሁ።

ለምሳሌ የልብስ ማጠፍ ሰዓት አለ። እናቴ የደረቀውን ልብስ አልጋ ላይ ትከምርና አንድ በአንድ እያነሣች ታጥፋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለረጅም ጊዜ የምታንጎራጉር ይመስለኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ለካስ በእጇ ያለው ልብስ የማን እንደሆነ እያየች ለባለቤቱ ትጸልያለች። የአባቴ ሸሚዝ ሲሆን ስለ ወገቡ ሕመም፤ የእኅቴ ልጅ ካልሲ ሲሆን ስለ ትምህርቱ፤ የወንድሜ ሱሪ ሲሆን ትንሽ ረዘም ይላል። ከዚያ ታጥፈውና በየሰዉ ቁልል ላይ ታስቀምጠዋለች። አጭር ነው፣ አሜን እንኳ የለውም፤ ቀጣዩ ልብስ ይነሣል። አንሶላ ሲደርስ አባቴን ትጠራዋለች፤ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለቱ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ጫፉን ለማገናኘት አንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል፤ እጅ ለእጅ ይነካካሉ፣ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እንደገና ይራራቃሉ። ተኮራርፈው የሰነበቱ ጊዜም ቢሆን አንሶላው በዚሁ ሥርዓት ይታጠፋል። ስለ ትዳር ከዚህ የተሻለ የሚናገር አቀማመጥ አላገኘሁም፤ በላዩ ላይ ደግሞ ማንም አይስቅም፣ ማንም አይተቃቀፍም።

በሥራው ላይ የገጠመኝ ችግር ግን ሌላ ነበር። የዘይት ቀለም የያዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ነጭ አንሶላ ነጭ አይደለም። መስኮቱ በኩል ያለው ፊቱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ፣ ከአባቴ ሸሚዝ አጠገብ ያለው ደግሞ የሸሚዙን ቀለም ይበደራል። ከቱቦው የወጣው ነጭ እንዳለ ከተቀባ አንሶላው ከሥዕሉ ወጥቶ የተለጠፈ ወረቀት ይሆናል። ንጹሑን ነጭ ለመጨረሻ አስቀርቼ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጠቀምኩበት፤ አራቱ እጆች በሚገናኙበት እጥፋት ላይ። የሚያየው ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል፤ ለምን እንደሄደ ግን አያውቅም። ሃይማኖታዊ ሥዕል ውስጥ ብርሃን የሚሠራውን ሥራ የቤት ጨርቅ ሊሠራው እንደሚችል ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው ዣን ሲሜዮን ሻርዳን ይመስለኛል። ጓደኞቹ የአማልክትንና የነገሥታትን ታሪክ በትልልቅ ሸራ ሲሥሉ እርሱ ድስት፣ ማንቆርቆሪያ፣ የተንጠለጠለ ጥንቸል ይሥል የነበረ ፈረንሳዊ ነው። በ1740 ለፓሪስ ዐውደ ርእይ ያቀረበው «የማዕድ ጸሎት» የተሰኘው ሥዕል ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እናት ገበታ እያቀረበች ጎንበስ ብላለች። ሁለት ሕፃናት አሉ። ትንሹ ዝቅ ያለ ወንበር አጠገብ እጆቹን ገጥሞ ይጸልያል፤ መጫወቻ ከበሮው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሕፃኑ ዓይኑን አልጨፈነም፣ ወደ ሰማይም አላየም። የሚያየው እናቱን ነው። ቃሉን በትክክል መናገሩን ከፊቷ ላይ ሊያነብ ይሆናል፤ ምግቡ መቼ እንደሚሰጠው ሊያውቅም ይሆናል። እርሷ ደግሞ ሳህኑን እንደያዘች ትጠብቀዋለች። ሥዕሉ ያለው በዚያ በመጠበቅ ውስጥ ነው። ከበሮው ለጊዜው ዝም ብሏል፤ ጸሎቱ እንዳለቀ ግን እንደሚመታ ማንም ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቃል።

ሻርዳን ይህን በሠራበት ጊዜ ሚስቱ ከሞተች 5 ዓመት ሆኗታል። ሴት ልጁም በሕፃንነቷ ሞታለች፤ የቀረው ወንድ ልጁ ብቻ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ያለችውን እናት ከማን እንደወሰዳት ሊነግረን የተወው ነገር የለም፤ እኔም እንባ ልጨምርበት አልፈልግም። ነገር ግን በእናት የተሞላ ክፍል የሣለው እናት በሌለበት ቤት የሚኖር ሰው መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ሥዕሉን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ሥዕሉን በዚያው ዓመት ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ አበረከተው፤ ዛሬ ሉቭር ውስጥ ነው። ቤተ መንግሥት የገባው ሾርባ የምታቀርብ ሴትን ይዞ ነው።

ሻርዳን በዓይኑ አጠገብ ያለውን የሚሥል ሲመስል ዣን ፍራንሷ ሚሌ ደግሞ በግልጽ ከትዝታው የሣለ ነው። በ1857 እና በ1859 መካከል የሠራው «አንጄሉስ» (ደወል ሲደወል የሚደረስ የካቶሊኮች ጸሎት ስም ነው) በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እስኪሰለች ድረስ የታየ ሥዕል ነው። ድንች ሲቆፍሩ የዋሉ ባልና ሚስት የምሽቱ ደወል ሲሰማ ሥራቸውን አቁመው ቆመዋል። መቆፈሪያው መሬት ላይ ተተክሏል፣ ቅርጫቱ ከእግራቸው ሥር ነው፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከአድማሱ ላይ በሩቅ ትታያለች። ሚሌ ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት በ1865 ተናግሯል፤ ልጅ ሳለ በማሳ ላይ ሲሠሩ አያቱ ደወሉን በሰማች ቁጥር ሥራ አስቁማ ለሙታን ታስጸልያቸው ነበር። አያትየዋ ሥዕሉ ውስጥ የለችም። ትእዛዟ ግን አለ፤ ሁለቱ ሰዎች የቆሙት እርሷ «ቁሙ» ስላለች ነው።

ስለ ሰውየው ባርኔጣ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ አድርጎታል፤ ጣቶቹ ግን ዝም ያሉ አይመስሉኝም። እንደኔ አስተያየት ሴትየዋ ትጸልያለች፣ እርሱ ደግሞ ጸሎቷ እስኪያልቅ ባርኔጣውን ያሻሻል። ተሳስቼም ይሆናል፤ ፊታቸውን ሚሌ በጥላ ስለሸፈነው ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም። ሥዕሉ በ1889 በጨረታ ከ550 ሺህ ፍራንክ በላይ ተሽጧል፤ ሚሌ ከሞተ 14 ዓመት በኋላ። ድንች ቆፋሪዎቹን ካስታወስን ይህ ዋጋ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው።

ተቃራኒው ችግር ደግሞ አለ፤ ቅዱሱን ሰው እንደ ቤት ሰው መሣል። እንግሊዛዊው ጆን ኤቨረት ሚሌይ (ስሙ ከፈረንሳዊው ጋር ቢቀራረብም ሌላ ሰው ነው) በ1850 ለለንደን ሮያል አካዳሚ ያቀረበው ሥዕል ክርስቶስን በልጅነቱ በአናጢው በዮሴፍ ቤት ያሳያል። ወለሉ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሸፍኗል። ልጁ መዳፉን በምስማር ወግቷል፤ ማርያም ተንበርክካ ታባብለዋለች፣ ዮሴፍ ቁስሉን ያያል፣ ዮሐንስ በገበታ ውኃ ያመጣል። ለዮሴፍ ክንድ የእውነተኛ አናጢ ክንድ አይቶ ሣለ፤ ለፊቱ ግን የራሱን አባት አስቀመጠ። ቻርልስ ዲክንስ በዚያው ዓመት በመጽሔቱ ላይ ሥዕሉን ክፉኛ አብጠለጠለው፤ በተለይ ማርያምን አስቀያሚ አድርጓታል አለ። ነገሩ ከመጮሁ የተነሣ ንግሥት ቪክቶሪያ ሥዕሉን አስመጥታ ለብቻዋ አይታዋለች። የድኾችን ቤት በብዕሩ ሲያስጎበኝ የኖረ ደራሲ ድኻ ቤት ውስጥ የተቀመጠችን ማርያም ማየት እንዴት አቃተው? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ድኻው ሲታዘንለት ደስ ይላል፤ ሲሰገድለት ግን ያስደነግጣል።

ይህን ስል የጥንቱን ሥርዓት መናቄ አይደለም። የእኛ ምስለ ፍቁር ወልዳ ከዚህ ሁሉ በፊት የእናትና የልጅ ሥዕል ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን፣ ስሙ ያለበት ሥራው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ እመቤታችንን ከልጇ ጋር ሲሥል ሥርዓቱን እንጂ የቤት ዕቃ አላስገባም። ያ ሥዕል የሚሰገድበት ነው፤ ጓዳ አያስፈልገውም። እኔ የምሠራው ሌላ ነው፤ የሚሰግደውን ሰው መሣል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው፣ ለምሳሌ እናቱን የብርሃን አክሊል የደፋላት፣ እናቱንም ሥርዓቱንም ያሳጣል ባይ ነኝ። እናቴ እንኳ ሐሳቡን ሰምታ «እኔን? ደግሞ ምን አድርጌ?» ብላ ስቃለች።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት ሠዓሊ ሄንሪ ኦሳዋ ታነር ነው። በ1859 በአሜሪካ ፒትስበርግ ተወለደ። አባቱ በአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ፤ እናቱ በባርነት ተወልዳ ያመለጠች ሴት ናት። በፊላዴልፊያ ከተማረ በኋላ በ1891 ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያን ጊዜ ጥቁር አሜሪካዊ በሥዕል ላይ ከታየ በአብዛኛው ለመሣቂያ ነበር፤ በተለይ ባንጆ የያዘ እንደሆነ። ታነር በ1893 ባንጆውን ወሰደና በአንድ ሽማግሌ ጉልበት መካከል ለቆመ ሕፃን ሰጠው። ልጁ ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሏል፤ ሽማግሌው ከኋላው ሆኖ የመሣሪያውን ክብደት ይሸከምለታል፤ ጣቶቹ ግን የልጁ የራሱ ናቸው። ሁለቱም አይስቁም። መማር ከባድ ሥራ ነው።

በ1894 «አመስጋኞቹ ድኾች» በተሰኘው ሥራው ሽማግሌና ልጅ እንደገና መጡ። አሁን ገበታ ላይ ናቸው። ሳህኖቹ ባዶ ሊባሉ ምንም አልቀራቸው። ሽማግሌው ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ በተገጠሙ እጆቹ ግንባሩን ይደግፋል፤ ልጁም ራሱን በእጁ ደግፎ አቀርቅሯል። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያርፋል። እኔ የምወደው የልጁን አቀማመጥ ነው። ሽማግሌውን ይመስላል ግን ልክ አይደለም፤ ቀድቶታል፣ ቅጂው ግን ትንሽ ተዛንፏል። ምናልባት እንቅልፉ መጥቷል። እምነት በቤት ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚተላለፍ በዝርዝር የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ በዚህ ልጅ ክርን ላይ ካለው የበለጠ አልነገረኝም። ባንጆውን በሚማርበት አኳኋን ጸሎቱንም ይማራል፣ አጠገብ በመቀመጥ። እናትና አባቱ በሁለቱም ሥዕሎች ውስጥ የሉም። የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ተመልካች የዚያን ሕዝብ ታሪክ ይጠይቃል ማለት ነው፤ ታነር ግን አላብራራም።

ከዚያ በኋላ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ዞረ። በ1898 የሠራው ብሥራት ግን አሁንም ክፍል ውስጥ ነው። ማርያም ከእንቅልፏ የተነሣች ወጣት ሴት ናት፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ የአልጋ ልብሱ ተዘበራርቋል፣ ምንጣፉ ተጨማዷል። መልአኩ ክንፍ የለውም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ብርሃን ነው። እርሷ የምታየው አስተያየት የደስታም የፍርሃትም አይደለም፤ የሰማችውን ነገር ገና እየመዘነች ነው። ያልተነጠፈ አልጋ ላይ የደረሰ መልአክ!

አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሜሪ ካሳት ልጅ አልወለደችም፤ ግን በ1893 የሠራችው «የሕፃኑ መታጠቢያ» እናት የልጇን እግር ሳህን ውስጥ ስታጥብ ያሳያል፤ ሁለቱም አቀርቅረው እግሩን ያያሉ። ጸሎት የለበትም። እግር የማጠብን ታሪክ ከወንጌል የሚያውቅ ሰው ግን ዝም ብሎ አያልፈውም።

እዚህ ላይ ለብዙ ጊዜ ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ይመጣል። ሰው ሲጸልይ ቆሞ መሣል ተገቢ ነው? አያቴ ማታ ማታ ዳዊቷን ስትዘረጋ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ደብተሬን እከፍት ነበር። የእርሷ አነባበብ ለሠዓሊ ፈተና ነው። አውራ ጣቷ ከመስመሩ ሥር እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ የገጹ ጥግ በዚያ ጣት ብዛት ጠቁሮ ክብ ሆኗል። ልብ ብዬ ስከታተል አንድ ነገር አየሁ። ገጹን የምትገልጠው ዘግይታ ነው። አፏ የሚቀጥለውን ገጽ ብዙ መስመር ከሄደ በኋላ ጣቷ ይደርስበታል። በቃሏ ታውቀዋለች ማለት ነው፤ መጽሐፉ የሚዘረጋው ለማንበብ ሳይሆን አብሯት እንዲሆን ነው። ይህን ለመያዝ ስጣደፍ ድንገት አቆመችና ቀና ሳትል «መጀመሪያ አሜን በዪ፣ ከዚያ ሣዪ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ግን ትእዛዝ ነው፣ የሚሌ አያት ዓይነት።

ከዚያ ወዲህ ስትጸልይ አልሥላትም። አብሬ እቀመጣለሁ፤ ሲያልቅ ወደ ክፍሌ ገብቼ የቀረልኝን አሰፍራለሁ። የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ፊቷ አይቀርም፣ የልብሷ እጥፋት አይቀርም። አውራ ጣቱ ይቀራል፣ የተዘረጋው መጽሐፍ ክብደት ጉልበቷ ላይ እንዴት እንዳረፈ ይቀራል፣ ትከሻዋ ወደ መብራቱ ማዘንበሉ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ይህ ኪሳራ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ትውስታ ለእኔ የማይሆነውን ሁሉ ቀድሞ እንደሚያስወግድልኝ እያየሁ ነው። ዱረር ፊት ለፊት ተቀምጦ አየ፤ ያ የእርሱ ድፍረት ነው። እኔ ያንን ያህል ረጅም ጊዜ እናቴን ትኩር ብዬ የማየት አቅም የለኝም፣ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ የዕድሜዋ ነገር ያስፈራኛል።

የቀረኝ አንድ ሰው ነው፤ ወንድሜ። ወንድሜ አይጸልይም። አይቃወምም፣ አይከራከርም፤ ቤተሰቡ ለጸሎት ሲሰበሰብ በሩ ላይ ደገፍ ብሎ ይጠብቃል፣ ሲያልቅ ይገባል። እናቴ ሱሪውን ስታጥፍ ለምን እንደምትዘገይ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የቤተሰቡን የማታ ጸሎት በትልቅ ሸራ ልሠራ ስነሣ መጀመሪያ ያሰብኩት እርሱን ትቼ መሥራትን ነበር፤ አቀማመጡ ያምራል፣ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ብርሃኑ መካከል ይወድቃል። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት ነው።

በ1668 ገደማ፣ በዕድሜው መጨረሻ፣ ሬምብራንት የጠፋውን ልጅ መመለስ ሠራ። ሥዕሉ ሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል፤ ቁመቱ 262 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከሰው በላይ። ሁሉም የሚያወራው ስለ አባትየው ሁለት እጆች ነው፤ እውነትም አንዱ ሰፊና ጠንካራ፣ ሌላው ለስላሳ ሆኖ በልጁ ጀርባ ላይ አርፈዋል። የልጁ ጫማ አልቆ ውስጥ እግሩ ይታያል። በዚያው ዓመት ሬምብራንት ቲቶስ የሚባለውን፣ ከሚስቱ ከሳስኪያ ከወለዳቸው ልጆች አድጎ ሰው የሆነለትን አንድ ልጁን ቀብሯል። እኔ ግን የማየው በስተቀኝ የቆመውን ሰው ነው። ቀይ ካባ ለብሷል፣ በትር ይዟል፣ እጆቹን አነባብሮ ቆሟል፤ አብዛኛው ተመልካች ታላቅ ወንድም ነው ይለዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታላቁ ወንድም በዚያች ሰዓት እርሻ ላይ ነው፤ ኋላም ቤት አልገባም ብሎ አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ሬምብራንት ግን ውስጥ አስገባው። አላስታረቀውም፣ ፊቱን አላበራለትም፤ በእርሱና በአባቱ መካከል ሰፊ ጨለማ ተወ። ብርሃኑ ግን ፊቱ ላይም ይደርሳል። ያላመነውም፣ ያልተደሰተውም የዚያ ቤት ሰው ነው።

ስለዚህ ሸራዬን ወደ ቀኝ በኩል ሰፋ አድርጌ በሩን አስገባሁት። ሦስት ማዕዘኑ ፈረሰ፤ የሥዕሉ ሚዛን አሁን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ አንድ የሥዕል መምህር ቢያየው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ወንድሜን ለንድፍ ያህል በሩ ላይ ቁምልኝ አልኩት። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስልኬን ይዤ ከሆነ እሺ አለ። ያዝ አልኩት፤ በጸሎት ሰዓትም የሚይዘው እርሱኑ ነው።